ክሮምን ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ስለ መለየት

ለብራና የሚዘጋጅ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል እንጂ አይለፋም። ለጫማና ለቦርሳ የሚሆነው ግን እንዳይበሰብስ መልፋት አለበት፤ ለዚህም አብዛኞቹ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት የክሮም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከክሮሙ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ ቀሪው ከውኃው ጋር ይወጣል። በሞጆና በአቃቂ ወንዞች ዳር የሚኖሩ፣ በወንዙም አትክልት የሚያለሙ ምእመናን ጉዳዩ በቀጥታ ይነካቸዋል።

ክሮም እንደ ሌላው ቆሻሻ በጊዜ ብዛት አይበሰብስም። ውኃን በማፍላትም አይወገድም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን በቀረው ውስጥ ይበረታል። ስለዚህ ያለው መንገድ ከወንዙ ሳይደርስ መለየት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ፍሳሾችን ባለማቀላቀል ነው። ከጸጉር ማንሻው ክፍል የሚወጣው ፍሳሽ ሰልፋይድ አለበት፤ የክሮሙ ደግሞ አሲድነት አለው። ሁለቱ ከተገናኙ ሰው የሚገድል ጋዝ ይፈጠራል። የክሮሙ ፍሳሽ ለብቻው በገንዳ ተጠራቅሞ ኖራ ወይም ማግኒዥየም ኦክሳይድ ይጨመርበታል። የፒኤች ልኬቱ ከ8 እስከ 9 ሲደርስ፣ ሟምቶ የነበረው ክሮም አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። ኖራ በበዛ ቁጥር ውኃው ይበልጥ ይጠራል ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ልኬቱ ከመጠን ካለፈ የዘቀጠው ተመልሶ ሊሟሟ ይችላል።

ብረት በክሮም ከሚለብጡ ፋብሪካዎች የሚወጣው ባለ ስድስት ቫለንሲ ክሮም ከዚህ የከፋ ነው። ካንሰር ያስከትላል፤ በኖራ ብቻም አይዘቅጥም። አስቀድሞ በአሲድና በሶዲየም ባይሰልፋይት ወደ ባለ ሦስት ቫለንሲው መለወጥ አለበት።

ውኃው ቢጠራም ዝቃጩ አለ። ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመርበት ክሮሙ ተመልሶ ለማልፊያ ስለሚውል፣ ፋብሪካውም የክሮም ግዢውን ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ከተደፋ ግን ዝናብ ወደ ወንዝ ያጥበዋል፤ ከተቃጠለም ወደ አደገኛው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

የደብሩ ጉድጓድ ወይም የጸበሉ ምንጭ ከእንዲህ ያለ ፍሳሽ አጠገብ ከሆነ፣ የውኃው መልክና ጣዕም ምስክር አይሆኑም። ሰበካ ጉባኤው ናሙና በቤተ ሙከራ አስመርምሮ ውጤቱን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በአንድ ሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ክሮም፣ ጋር ያነጻጽር። ከፋብሪካው ጋር ሲነጋገርም ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የክሮሙ ፍሳሽ የራሱ ገንዳ አለው ወይ? ዝቃጩስ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው።