ስሟ ያልረጋው የእሳት እራት

ቱታ አብሶሉታ ርዝመቷ 7 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ቲማቲም አምራቾች አጥብቀው የሚፈሯት የእሳት እራት ናት። ቀን ቅጠል ሥር ተሸሽጋ ስለምትውል ቀድሞ የሚታየው የትሏ ሥራ ነው። ትሉ በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መካከል ገብቶ ለምለሙን ሲበላው፣ ቦታው እንደ ስስ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጡም የትሉ ጥቁር ኩስ ይታያል።

የቅጠሉ ምልክት ብቻ ግን አያስተማምንም፤ የእሳት እራቷ መልክም እንዲሁ። ብርማ ግራጫ መልኳና የክንፏ ጥቋቁር ነጥቦች ድንች ከሚቦረቡረው ዘመዷ ጋር ያመሳስሏታል፤ ጣት ሲነካት ደግሞ ነጥቦቹን የያዘው ቅርፊት እንደ ዱቄት ይረግፋል። ስለዚህ ባለሙያው ሆዷን ቆርጦ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያሞቀዋል። ሥጋው ሟሙቶ የሚቀረው ጠንካራው የመራቢያ አካል ነው። በተለይ የወንዱ ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ማንነትን ይናገራል። ዛሬ የዲኤንኤ ምርመራም ታክሎበታል።

ከመለየቱ ይልቅ ሳይንሳዊ ምደባዋ የበለጠ አከራክሯል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜይሪክ በ1917 እ.ኤ.አ. ከፔሩ በተገኘ ናሙና ፍቶሪሜያ አብሶሉታ ብሎ ሰየማት። ከወገን (ጂነስ) ወደ ወገን ስትዛወር ኖራ በ1994 እ.ኤ.አ. ቱታ ውስጥ ገባች፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ ፍቶሪሜያ መለሳት። በዚህ ሁሉ የተቀያየረው የወገኑ ስም ነው፤ አብሶሉታ የሚለው የዝርያዋ መጠሪያ አልተነካም። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. በስምጥ ሸለቆ ስትታይ የተጠራችው ቱታ ተብላ ነው፤ ማሳው ላይም ይኸው ስም ጸንቷል።