ላሓሽ፦ ሹክሹክታም፣ ድግምትም፣ ጸሎትም

የዳዊት ልጅ በታመመ በሰባተኛው ቀን ሞተ። አገልጋዮቹ ግን ንጉሡን ለማርዳት ፈሩ። ሕፃኑ በሕይወት ሳለ እንኳ ሊያጽናኑት ሲሞክሩ አልሰማቸውም ነበር፤ ሞቷል ቢሉት በራሱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ሰጉ። ሁለተኛ ሳሙኤል 12፥19 እንደሚተርከው ዳዊት መርዶውን የተረዳው እነሱ ሲንሾካሾኩ አይቶ ነው። ዕብራይስጡ «ሰማ» ሳይሆን «አየ» ይላል። የተነጋገሩት ቃል ጆሮው አልደረሰም፤ አንገት ለአንገት መግጠማቸው ግን በቃው። ሞተ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ መልሳቸው በዕብራይስጥ «ሜት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ያለው ግስ «ላሓሽ» ይባላል፤ ሥሩ ላሜድ፣ ሔት፣ ሺን ናቸው። የአገልጋዮቹ ሹክሹክታ የተገለጸው ሂትፓኤል በሚባለው የግስ ዓይነት ነው። በውስጡ ያለችው «ት» በእኛ «ተነጋገሩ» እና «ተማከሩ» ላይ እንዳለችው «ተ» ድርጊቱ የእርስ በርስ መሆኑን ታሳያለች። ቃሉ ለእኛም ባዳ አይደለም። የዕብራይስጥ «ሽ» በግዕዝ ብዙ ጊዜ «ስ» ስለሚሆን («ሻሎም» እና «ሰላም»፣ «ኔፌሽ» እና «ነፍስ»)፣ የላሓሽ ዘመድ «ለኆሳስ» ነው። በቅዳሴ ካህኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጸልየውን ጸሎት «በለኆሳስ» የምንለው ከዚሁ ነው።

ግሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ሦስት ጊዜ ብቻ ይገኛል። ሁለተኛው ቦታ መዝሙር 41 ነው፤ በግዕዙ ዳዊት 40ኛው። የሚናገረው የታመመ ሰው ነው። ጠላቱ ሊጠይቀው መጥቶ አልጋው አጠገብ ባዶ ቃል ያወራል፤ ከቤት ሲወጣ ያየውን ያወራበታል። ከዚያ የሚጠሉት ሁሉ ተሰብስበው ይንሾካሾኩበታል፤ ከተኛበት አይነሣም ይላሉ። የዳዊት አገልጋዮችና እነዚህ ጠላቶች የሚጋሩት ግስ አንድ ነው፤ እነዚያ ያንሾካሾኩት አዝነው፣ እነዚህ ግን ሞቱን ተመኝተው ነው። ስለዚህ ግሱ ራሱ ክፉም ደግም አይደለም።

ሦስተኛው ቦታ መዝሙር 58 ሲሆን፣ ነገሩ ወደ እባብ ይዞራል። እዚያ «ላሓሾቹ» እባብ የሚያፈዝዙ ደጋሚዎች ናቸው፤ እፉኝቱ ግን ድምፃቸውን እንዳይሰማ ጆሮውን ይደፍናል። «ላሓሽ» የሚለው ስምም በኤርምያስ 8፥17 እና በመክብብ 10፥11 የሚገኘው ከእባብ ጋር ነው። ኤርምያስ ድግምት የማይገታቸው እባቦች እንደሚላኩ ያስጠነቅቃል። መክብብ ደግሞ እባቡ ሳይደገምበት ከነደፈ የደጋሚው ጥበብ ምን ይረባል ይላል። ሹክሹክታ እንዴት ድግምት ሆነ ለሚል፣ መልሱ በአማርኛችን አለ። «ዳዊት ደገመ» የምንለውና «ድግምት» የምንለው ከአንድ ግስ የወጡ ናቸው። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየው።

ኢሳይያስ ምዕራፍ 3 ስሙን ሁለት ጊዜ ያነሣዋል፤ አንዴ ለድግምት አዋቂ፣ አንዴ ደግሞ የጽዮን ሴቶች ከጌጣቸው ጋር ለሚያደርጉት ክታብ። ነህምያ 3፥12 ላይ ከሴት ልጆቹ ጋር የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያደሰው ሻሉም የአባቱ ስም ሃሎሔሽ ነው፤ ፍቺው «አንሾካሻኪው» ወይም «ደጋሚው» ማለት ነው።

አይሁድ በኋላም ስለዚህ ቃል ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ሚሽና፣ ረቢ አቂባ በቁስል ላይ የሚደግም ሰው በሚመጣው ዓለም ዕጣ የለውም እንዳሉ ይናገራል። ደጋሚው የሚያነበንበው ደግሞ ከኦሪት ዘፀአት 15፥26 የተወሰደ፣ እግዚአብሔር ፈዋሽ መሆኑን የሚናገር ጥቅስ ነው። የተቃወሙት ቅዱስ ቃል የአስማት መሣሪያ መሆኑን ነው።

የቀረው ኢሳይያስ 26፥16 ነው፤ ተርጓሚዎችን የሚያስቸግር ቁጥር። ሕዝቡ በተቀጣ ጊዜ «ላሓሽ» አፈሰሰ ይላል። አንዳንዶች እዚህም ድግምት ያነባሉ፤ ብዙዎች ግን ድምፁ የደከመ ጸሎት ነው ይላሉ። እኔ ከብዙዎቹ ጋር ነኝ። ቁጥሩ የሚጀምረው ሕዝቡ በጭንቅ ጊዜ እግዚአብሔርን እንደፈለገ በመናገር ነው፤ የሚቀጥለውም ቁጥር ምጥ የያዛትን ሴት ጩኸት ያመጣል። እንዲህ የተጨነቀ ሕዝብ ወደ አምላኩ ያፈሰሰው ነገር ጸሎት ነው።