የተገዛ የስልክና የኢሜይል ዝርዝር መዘዙ ብዙ ነው

እህትሽ አገር ቤት በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ መሸጥ ጀምራለች እንበል። «እዚያ ላሉት ሐበሾች አስተዋውቂልኝ» አለችሽ። በዕረፍት ቀንሽ ቴሌግራም ስትከፍቺ ደግሞ አንዱ «በገልፍ ያሉ የ10,000 ሐበሾች ስልክና ኢሜይል እሸጣለሁ» ብሎ ለጥፏል። ዋጋው ርካሽ ነው። ከመክፈልሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ከየት አመጣኸው?

ቀጥተኛ መልስ አይሰጥሽም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ከግሩፕ የተለቀመ ወይም ከተሰረቀ ፋይል የወጣ ነው። ያንቺም ቁጥር ሊኖርበት ይችላል። «ከባንክ ነው፣ የደረሰሽን ኮድ ንገሪኝ» እያሉ የሚደውሉት ሰዎች ቁጥርሽን ከየት ያገኙት ይመስልሻል?

እሺ፣ ገዝተሽ በዋትሳፕ ላክሽ። ተቀባዩ አያውቅሽም። አንዱ ብሎክ ያደርግሻል፣ ሌላው ሪፖርት ያደርግሻል። ዋትሳፕ የጅምላ መልእክትን በደንቡ ይከለክላል፤ ሪፖርት ሲበዛ አካውንቱን ያግዳል። የሚታገደው ደግሞ የበርበሬው ንግድ ሳይሆን ከእናትሽና ከልጆችሽ ጋር የምትገናኚበት ቁጥር ነው። ማዳም ቤት ተቀምጦ ይህን መስመር ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አይነገርሽም።

ኢሜይልም አይሻልም። ጉግል በ2024 ለጅምላ ላኪዎች ባወጣው ደንብ፣ የስፓም ቅሬታ ከ1,000 መልእክት 3 እንዳይደርስ ይጠይቃል። ማንነትሽን ለማያውቅ ሰው እየላክሽ ይህን መጠበቅ ዘበት ነው። ከዚያ በኋላ ለእውነተኛ ደንበኛ የምትልኪውም ስፓም ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ሕጉም አለ። በኤሚሬትስ ከኦገስት 2024 ጀምሮ፣ ግለሰብ በስሙ በተመዘገበ ስልክ ምርት ቢያስተዋውቅ ለመጀመሪያው ጥፋት 5,000 ድርሃም ይቀጣል፤ እስኪከፍልም መስመሩ ይቋረጣል። የስንት ወር ደሞዝሽ እንደሆነ አስይው። የቤት ሠራተኛ ቪዛ ደግሞ ለራስ ንግድ የተሰጠ አይደለም፤ ቅሬታ ከቀረበብሽ ነገሩ ከስልክ አልፎ ካፊልሽ ጋር ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ እህትሽ በራሷ ቁጥር ትሽጥ። አንቺ «ቁጥሯን ስጪኝ» ያለሽን ብቻ አገናኚ፣ አምስት ሰው ቢሆንም። ዝርዝሩን ቀድመሽ ገዝተሽ ከሆነ አትላኪበት፣ ለሌላም አታስተላልፊው፤ አጥፊው። ዋትሳፕሽ ከታገደም እዚያው መተግበሪያው ውስጥ እንደገና እንዲታይልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። «እኛ እናስከፍትልሻለን» ለሚሉሽ ግን አንድም ድርሃም አትክፈዪ።