የምድርን እምብርት ሙቀት በምን እናውቃለን?

ከእግራችን በታች እስከ ምድር መካከል ድረስ 6,371 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት አለ። ሰው ወደ ታች የቆፈረው ግን ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። ታዲያ ማንም ያልደረሰበትን ስፍራ ሙቀት ሊቃውንት በምን ያውቁታል? ይህን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

የምድር እምብርት አብዛኛው ብረት ነው፤ ውስጠኛው ክፍል ጠጣር፣ ውጪኛው ግን የቀለጠ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ድንበር ያለው ሙቀት፣ ብረት በዚያ ግፊት ከሚቀልጥበት ሙቀት ጋር ይቀራረባል። የድንበሩም ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ግፊት 3.3 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ወደዚህ ግፊት ለመቅረብ፣ ከጠጕር ውፍረት የማይበልጥ የብረት ቅንጣት በሁለት አልማዞች ጫፍ መካከል ይጨመቃል፤ በአልማዙም ውስጥ በሚያልፍ የሌዘር ብርሃን ይግላል። እዚህ ላይ ቴርሞሜትር ማስገባት አይቻልም፤ ከቅንጣቱ ይልቅ ራሱ ይገዝፋልና።

ስለዚህ ሊቃውንቱ እንደ ብረት ቀጥቃጭ ያደርጋሉ። ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት ሳይነካ፣ መቅላቱንና መንጣቱን አይቶ ሙቀቱን ይገምታል። እነርሱም ማክስ ፕላንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ የብርሃኑን መጠን በየቀለሙ ለክተው ሙቀቱን ያሰላሉ።

ሆኖም ብዙ እንቅፋት አለ። አልማዝ ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚወስድ የቅንጣቱ መካከል ሲግል ዳሩ ይቀዘቅዛል። መቼ እንደቀለጠም ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

በ1993 ቦህለር በጀርመን አገር፣ የብረቱን ገጽ መንቀሳቀስ እያየ፣ ለድንበሩ 4,850 ኬልቪን ገመተ፤ ስሕተቱም ከ200 እንደማያልፍ ገለጠ። በ2013 አንዜሊኒና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል መቅለጡን በኤክስ ሬይ መርምረው 6,230 አሉ፤ የስሕተቱንም ወሰን 500 አደረጉ። ሁለቱም በላቦራቶር ካገኙት ተነሥተው ወደ ድንበሩ ግፊት በስሌት የደረሱ ናቸው። ልብ በሉ፤ የስሕተቱ ወሰን ቢጨመርም ሁለቱ ግምቶች አይገናኙም! ከዚያ ወዲህም ሌሎች በመካከል ያለ ቍጥር አግኝተዋል።

ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። ከእምብርቱ የሚወጣው ሙቀት የቀለጠውን ብረት በማንቀሳቀስ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ያስገኛል፤ ይህም ኃይል ከፀሐይ ከሚመጡ ጎጂ ቅንጣቶች ይጋርደናል። የሙቀቱን ልክ ካላወቅን የዚህን ጋሻ ታሪክ በደንብ አናውቅም።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው ያለ ይመስለኛል። በላቦራቶር ቍጥር ስንጽፍ የስሕተቱን ወሰን ብቻ ሳይሆን፣ በምን መንገድ እንደ ለካነውም አብረን እንጻፍ።