ረዥም መንገድ ለሚሄድ መኪና የሚደረግ ዝግጅት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሃና

ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ በባለሱቁ እጅ እስኪገባ ድረስ የነጋዴው ገንዘብ ያለው በመኪናው ላይ ነው። ይሁን እንጂ በዋጋው ላይ ብዙ የተከራከረና ደረሰኙን በሥርዓት ያስቀመጠ ነጋዴ፣ ገንዘቡን ሁሉ የጫነበትን መኪና «ትናንት ደኅና ነበረ» በሚል እምነት ብቻ ሲያሰናብት ዘወትር ይታያል። ስለዚህ አባሎቻችን መኪና ወደ ሩቅ አገር ሲልኩ ምን ማሰናዳት እንደሚገባቸው በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንገልጻለን።

ለምሳሌ የመረጥነው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በጂንካ አልፎ፣ በደቡብ ኦሞ ዞን የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ እስከ ሆነችው እስከ ሃና የሚደርሰውን መንገድ ነው። የኩራዝ ስኳር ልማት ሥራ በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በዚህ አቅጣጫ የሚመላለሰው የጭነት መኪና በርክቷል፤ ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ ልብሱንና የቤት ዕቃውን ወደዚያ የሚልክ ነጋዴም ጥቂት አይደለም።

መኪናው የሚዘጋጀው ለመጨረሻው መንገድ ነው

ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ በየከተማው መካኒክም፣ ጎሚስታም፣ የመለዋወጫ ሱቅም ስለሚገኝ፣ ጥቂት የጎደለው መኪና እንኳ እንደ ምንም ብሎ ጂንካ ይደርሳል። ብዙዎችን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ከጂንካ ወደ ሃና ሲታለፍ ግን መንገዱ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቆላ ይወርዳል፤ እዚያም ቺንጋ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ስለዚህ የዝግጅቱ ልክ መታየት ያለበት በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን፣ በአንዱ ጋራዥና በሚቀጥለው ጋራዥ መካከል ባለው ርቀት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው በገዛ ጥፋቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት አንድ የጭነት መኪና ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ሃና ሲላክ፣ የመለዋወጫውን ዝርዝር ጽፌ ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነበርሁ። ቺንጋም ገዝቼ ነበር፤ ነገር ግን አሮጌውን ይዤ ሄጄ አላስተያየሁም፤ የመኪናውን ስም ብቻ ነግሬ የሰጡኝን ተቀበልሁ። በማጎ ቁልቁለት ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ሾፌሩ አዲሱን ቢያወጣ፣ ልኩ አጠረ። መለዋወጫው ነበረ፤ የሚገባው ግን አልነበረም። ትክክለኛው ቺንጋ ተገኝቶ እስኪደርስ ሦስት ቀን አለፈ፤ ቲማቲሙ ተበላሸ፤ የሃና ደንበኞቻችንም በዚያው ሳምንት ከሌላ ነጋዴ ገዙ። የቲማቲሙን ኪሣራ በመዝገብ ላይ ጻፍሁት፤ የደንበኞቹን መሄድ የምጽፍበት ዓምድ ግን አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ የምንከተለው ዘዴ ይህ ነው፤ ከጉዞው በፊት አዲሱን ቺንጋ በመኪናው ላይ እናስገጥማለን፣ ገና የሚሠራውን አሮጌውን ደግሞ ለመጠባበቂያ እናስቀምጣለን። አሮጌው በዚያ መኪና ላይ ሲሠራ የኖረ ነውና ልክነቱ አያጠራጥርም።

ጥገናው በጉዞው ዋዜማ አይሁን

ዘይት የሚለወጠው፣ ፊልትሮ የሚቀየረውና ፍሬን የሚታየው ጉዞው ሊጀመር አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው መሆን ይገባዋል። አዲስ የተገጠመ ዕቃ ጉድለቱ የሚታወቀው ሲሠራ ነው። መኪናው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ ጥቂት ቀን በከተማና በዳገት ተነድቶ፣ ከሥሩ ዘይት ወይም ውሃ አለመንጠባጠቡ ጧት ጧት ይታይ። በዋዜማ ማታ የተጠገነ መኪና ግን የሚፈተነው ዕቃ ተጭኖበት በበረሃ ነው።

ስለ ውሃና ስለ ሙቀት

አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ ጂንካ በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ የማጎ ሸለቆ ግን ወደ 500 ሜትር ዝቅ ይላል። በደጋ አየር ድካሙን ሸሽጎ የኖረ ራዲያተር በቆላ ጉድለቱን ይገልጣል። ስለዚህ የራዲያተሩ ጎማ ቱቦዎች በእጅ ተጨብጠው ይታዩ፤ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ ይለወጥ። የራዲያተሩ ክዳን ጥብቅ መሆኑም አይዘንጋ፤ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነውና። በዚሁም ምክንያት ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መክፈት የሾፌሩን ፊትና እጅ ለእሳት መስጠት ነው።

ስለ ፍሬን

ከጂንካ ወደ ማጎ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጭነት የያዘ መኪና በፍሬን ብቻ ከተያዘ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለም ፍሬን አይዝም። የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት እየሳበ ስለሚያረጅና በሙቀት ጊዜ ስለሚፈላ፣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ቢለወጥ ይመረጣል። የፍሬኑ ሸራም ውፍረቱ ከጉዞው በፊት ይመርመር። አሮጌ ሾፌሮች የሚሉት ደንብ ዛሬም የጸና ነው፤ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ነው። ማርሹም የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው።

ስለ ጎማ

የቆላው እሾህ ጎማ አይምርም። አንድ ትርፍ ጎማ ለከተማ ይበቃል፤ ለዚህ መንገድ ግን ሁለት ያስፈልጋል። ትርፉ ጎማ ነፋስ እንዳለውም ይለካ፤ ለወራት ሳይነካ የቆየ ትርፍ ጎማ በችግር ቀን ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጧት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው፤ በጉዞ ላይ ግሎ ግፊቱ ስለ ጨመረ ብቻ ነፋስ ማስተንፈስ ስሕተት ነው።

ከዚህም በቀር ሁለት ትናንሽ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጎሚስታ በነፋስ መሣሪያ ያጠበቀውን ቡሎን ሾፌሩ በራሱ ቁልፍ መፍታት ይችል እንደ ሆነ ገና በከተማ ሳለ መሞከር ነው። ሁለተኛው፣ ከክሪኩ በታች የሚነጠፍ ወፍራም ሳንቃ መያዝ ነው፤ በለስላሳ አፈር ላይ ክሪክ መኪናውን በማንሣት ፈንታ ራሱ ይሰምጣልና።

ስለ ነዳጅ

ማደያ መኖሩ ነዳጅ መኖሩ አይደለም። ስለዚህ በአርባ ምንጭም በጂንካም፣ ገና ግማሽ ቢኖርም እንኳ፣ ነዳጅ በተገኘበት ሥፍራ ሁሉ መሙላት ይገባል። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ የፈጀውን ይመዝግብ፤ ለመጨረሻው መንገድ ግን በዚያው ሒሳብ አይመን፤ በዝቅተኛ ማርሽ በዳገትና በጭቃ መንዳት ብዙ ነዳጅ ይበላልና ቢያንስ ሲሶ ይጨምርበት። በጀሪካን መግዛት ፈቃድ የሚጠየቅበት ስለሆነ አስቀድሞ ይታሰብበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ሒሳብ በስልክ የሚከፈል በመሆኑም ሾፌሩ ገንዘቡን በስልኩ ይዞ፣ ባትሪውንም ሞልቶ ይነሣ።

ስለ ወራት

አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ክረምትን በሐምሌና በነሐሴ ይቈጥራል። በደቡብ ኦሞ ቆላ ግን ዋናው ዝናም የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ አነስተኛው በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ «ክረምቱ ወጣ» ተብሎ በጥቅምት የተላከ፣ ወይም «ለፋሲካ ገበያ ይድረስ» ተብሎ በሚያዝያ የተጫነ መኪና ዋልካ አፈር ላይ ሊቆም ይችላል። ከመነሣት በፊት በዚያ ያለውን ደንበኛ በስልክ መጠየቅ፣ መጎተቻ የብረት ገመድና አካፋም መያዝ ይገባል።

ስለ ሰውና ስለ ከብት

በሳላማጎ የቦዲና የሙርሲ ሕዝቦች ኑሮ በከብት ላይ የተመሠረተ ነው። በመንገድ ላይ ያለው በሬ ለእረኛው የባንክ ሒሳቡም ክብሩም ነውና ሾፌሩ መንጋ ሲያይ ይቁም፤ በጥሩምባም አያስደንብር። የሌሊት ጉዞ ፈጽሞ አይፈቀድለት። በማጎ ውስጥ የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ ስላለች መስኮት ተዘግቶ ይታለፋል፤ ስለዚህም ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አምስት ሊትር ያህል የመጠጥ ውሃ ይያዝ። የወባ አጎበርና የመጀመሪያ ርዳታ መድኃኒትም አይቅር። ሊብሬው፣ የዓመቱ ቦሎና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀት በመኪናው ውስጥ መኖራቸው ይረጋገጥ።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ተከለከለ፣ ዛሬ በእጃችን ያሉት ብዙ ዘመን ማገልገል ይኖርባቸዋል። መለዋወጫ የምታስመጡ አባሎቻችን የቺንጋውንና የቱቦውን ልክ በግልጽ ጽፋችሁ ብትሸጡ፣ የጂንካና የሃና ባለሱቆችም በብዛት የሚመላለሱትን መኪናዎች ልክ አጥንታችሁ ጥቂት ጥቂት ብታስቀምጡ፣ ለራሳችሁ ትርፍ፣ ለመንገደኛውም መዳኛ ይሆናል።

በመጨረሻም የምናሳስበው ይህን ነው። ዝርዝሩ በወረቀት ይጻፍ፤ ሾፌሩ እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ ነክቶ ይፈርም፤ ጸሐፊውም ከጎኑ ቆሞ ይፈርም። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እኛን ግን ያ የቀረው አንድ ሰዓት ሦስት ቀንና አንድ ገበያ አስከፍሎናል።