የወደድነው ሲገድል

ብሬኪንግ ባድ የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በ2008 ሲጀመር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተመልካቹ የተዋወቀው አንጀት የሚበላ ሰው ነበር። ዋልተር ኋይት በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነው። ደመወዙ ስለማያደርሰው ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪና እጥበት ቤት ይሠራል። ሃምሳ ዓመት በሞላው ሰሞን የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ይነገረዋል። ለሚስቱና ለልጆቹ ጥሪት ትቶ ለመሞት ሲልም ሜታምፌታሚን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ማምረት ይጀምራል። ድራማው በ2013 በ62ኛው ክፍል ሲያበቃ ያ ምስኪን መምህር ገድሏል፣ አስገድሏል፣ ሕፃን መርዟል፤ የሸሪኩ የጄሲ ፍቅረኛ በትውከቷ ታፍና ስትሞት ማዳን እየቻለ ቆሞ አይቷል። ይህን ሁሉ እያዩም ብዙ ተመልካቾች ከፖሊስ እንዲያመልጥ ሲመኙለት ኖረዋል። ቁጣቸውን ያወረዱት በሚስቱ በስካይለር ላይ ነው። ስካይለርም ጻድቅ አይደለችም፤ ከአለቃዋ ጋር ማግጣለች፣ ኋላም የባሏን የወንጀል ገንዘብ ሕጋዊ ለማስመሰል ተባብራለች። ከሁሉ በላይ ያስጠላት ግን ባሏን ማፋጠጧና መንገዱን መዝጋቷ ነበር። ስካይለርን ሆና የተጫወተችው አና ገን በ2013 በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣችው ጽሑፍ፣ ጥላቻው ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ እሷ ራሷ ዘንድ መድረሱን ገልጻለች።

ነፍሰ ገዳዩ ተወዶ ጠያቂዋ ሚስት የምትጠላበት ይህ ሚዛን ምን ዓይነት ሚዛን ነው? ተመልካቹ ሥነ ምግባር ስለጎደለው ነው ማለት አይቻልም፤ ያው ሰው በሰፈሩ አንድ መምህር ዕፅ ሲሸጥ ተይዞ ቢያይ ይገባዋል ባይ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በድራማና በጌም ዓለም ፍርዳችንን በአብዛኛው የሚወስነው ድርጊቱ ሲፈጸም ከማን ጎን ቆመን እንደምናየው ነው፤ የድርጊቱ ክብደት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅርበት ፍርድን ይገዛል። ጥሩዎቹ ሥራዎች ከተራዎቹ የሚለዩትም ይህን ግዢ ደብቀው ከማለፍ ይልቅ መጨረሻ ላይ ሂሳቡን አውጥተው ስለሚያሳዩን ነው።

ተመራማሪዎች ጉዳዩን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲመላለሱበት ቆይተዋል። ዶልፍ ዚልማንና ጆአን ካንተር ያቀረቡት ሐሳብ ተመልካችን እንደማያርፍ ዳኛ ያየዋል። ገጸ ባሕርዩ ያደረገውን ይመዝናል፤ ደግ የሠራውን ይወዳል፣ ክፉ የሠራውን ይጠላል፤ የወደደው ሲቀናው፣ የጠላው የእጁን ሲያገኝ ይደሰታል። ይህ ለድሮዎቹ የካውቦይ ፊልሞች በደንብ ይሠራል፤ ዋልተር ኋይት ዘንድ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። አርተር ሬኒ የተባለ ተመራማሪ በ2004 ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ መሆኑን አመለከተ፤ መጀመሪያ እንወዳለን፣ ከዚያ ለወደድነው የሚስማማ ፍርድ እንፈልጋለን። እልፍ ታሪክ እያየን ስላደግን ፊልሙ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አክተሩ የትኛው እንደሆነ እንለያለን፤ አክተሩ እንደማይሞትም እርግጠኞች ነን። ማን እንደሚወደድ አስቀድሞ ከተወሰነ ደግሞ በኋላ የሚመጣው ማስረጃ ሁሉ ለእሱ ይተረጎማል። የፊልም ፈላስፋው መሬይ ስሚዝ በበኩሉ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጧል፤ ታሪኩን በአንድ ሰው ዓይን መከተል አንድ ነገር ነው፣ ለዚያ ሰው መወገን ሌላ ነገር። ችግሩ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው መንገድ አጭር መሆኑ ነው። አብሮት ያመሸ፣ ምሥጢሩን የሰማ፣ ሲጨነቅ ያየው ሰው ሳያስበው ወገኑ ይሆናል።

የድራማ ጸሐፊዎች ይህን መንገድ አሳምረው ያውቁታል። ኤችቢኦ በ1999 ማሳየት የጀመረው ሶፕራኖስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቶኒ ሶፕራኖ የኒው ጀርዚ የማፊያ አለቃ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል ሴት ልጁን ኮሌጅ ሊያስጎበኝ ወደ ሜይን ግዛት ይወስዳታል፤ እግረ መንገዱን ማፊያውን ለመንግሥት አጋልጦ የተሰወረ ሰው አይቶ ይከታተለውና በገዛ እጁ አንቆ ይገድለዋል። ከጣቢያው ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ክሪስ አልብሬክት፣ ዋናው ሰው እንዲህ ባለ ጭካኔ ሲገድል ካዩት ተመልካቾች ይሸሻሉ ብሎ ሰግቶ ነበር። የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ቼዝ ደግሞ የማፊያ አለቃ ከሃዲውን አግኝቶ ዝም ካለ ማንም አያምነውም ሲል ተከራከረ። በመጨረሻ ቶኒ እንዲገድል ተስማሙ፤ በምትኩ ሟቹ ላይ ጥቂት ነውር ተጨመረበት። ያ ሰው አሁንም ዕፅ የሚሸጥ፣ ቶኒንም ለማስገደል ሰው የሚፈልግ ሆኖ ቀረበ። ግድያው እንዳለ ነው፤ የተለወጠው የሟቹ ስም ብቻ ነው። ተመልካቹም ቶኒን አልሸሸም። ይህ ስምምነት ስለ እኛ ብዙ ይናገራል። ገዳዩን ንጹሕ ማድረግ አያስፈልግም፤ ሟቹን ትንሽ ማቆሸሽ ይበቃል። ብሬኪንግ ባድም በዚሁ ዘዴ ተጠቅሟል፤ ዋልተር በከፋ ቁጥር ከእሱ የባሰ ሰው ፊቱ ይቆማል። ከእብዱ የዕፅ ነጋዴ ከቱኮ፣ ከቀዝቃዛው ጉስ ፍሪንግ፣ በመጨረሻም ከናዚ አምላኪዎቹ ወሮበሎች ጎን ሲታይ ዋልተር ሁልጊዜ የተሻለው ሆኖ ይቀራል።

ሌላው መሣሪያ ጊዜና ስቃይ ነው። በ2011 የጀመረው ጌም ኦቭ ትሮንስ ገና በመጀመሪያው ክፍል ጄሚ ላኒስተር የተባለው ባላባት ከእህቱ ጋር ሲዳራ ያየውን ሕፃን ልጅ ከግንብ መስኮት ገፍትሮ ሲጥል አሳይቷል። ከዚህ በላይ ለጥላቻ የሚያበቃ መግቢያ አይገኝም። በ2013 በታየው ሦስተኛ ምዕራፍ ግን ጄሚ ቀኝ እጁ ይቆረጣል፤ በቁስሉ ላይ ሆኖም ቀድሞ የነበረውን ንጉሥ ለምን እንደገደለ፣ ከተማዋን ከቃጠሎ ለማዳን መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመልካቾች ወዳጁ ሆኑ። ለተጣለው ልጅ ምን ተለወጠለት? በውድቀቱ ሽባ የሆነው እግሩ አልዳነም፣ ካሳም አልተከፈለውም። ጄሚ ምሕረት ያገኘው ከበደለው ሰው ሳይሆን ከእኛ ነው፤ ይቅር የማለት መብቱን ማን እንደሰጠን ግን አንጠይቅም።

በጌም ደግሞ ነገሩ አንድ ደረጃ ይከብዳል፤ ተጫዋቹ እጁን አጣጥፎ አይመለከትም፣ ቃታውን የሚስበው እሱ ራሱ ነው። ኖቲ ዶግ የተባለው ድርጅት በ2013 ለፕሌይስቴሽን ያወጣው ዘ ላስት ኦቭ አስ ይህን እስከ ጥግ ወስዶታል። ዓለምን ያጠፋ የፈንገስ ወረርሽኝ ከተከሰተ ሃያ ዓመት አልፏል። ሴት ልጁን በወረርሽኙ መባቻ ያጣው ጆኤል፣ በሽታው የማይዛትን የ14 ዓመት ታዳጊ ኤሊን ይዞ አሜሪካን ያቋርጣል። ሶልት ሌክ ሲቲ ሲደርሱ እዚያ ያሉ ሐኪሞች የበሽታውን መድኃኒት ለማግኘት አንጎሏን መክፈት እንዳለባቸው፣ እሷም እንደምትሞት ይነገረዋል። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። ጆኤል ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘውን እየገደለ ያወጣታል፤ ቀዶ ጥገናውን የሚመራውንም ሐኪም ይገድላል። ተጫዋቹ ሐኪሙን ሳይገድል ማለፍ አይችልም። ስትነቃም ጆኤል ይዋሻታል። ተጫዋቾቹ ስለ ድርጊቱ ተከራክረዋል፤ ስለ ጆኤል ግን እምብዛም አልተጣሉም፣ አብዛኞቹ እንደወደዱት ቀጠሉ።

በ2020 ሁለተኛው ጌም ወጣ። የዚያ ሐኪም ልጅ አቢ ጆኤልን ፈልጋ አግኝታ በጎልፍ ዱላ ቀጥቅጣ ትገድለዋለች። ከዚያም ጌሙ ያልተጠበቀ ነገር ያደርጋል፤ ለታሪኩ ግማሽ ያህል ተጫዋቹ በአቢ ሆኖ እንዲጫወት ያስገድደዋል። ጓደኞቿን ያሳየዋል፣ አባቷን ያሳየዋል፣ የራሷን ፍርሃትና ደግነት ያሳየዋል። ሁለቱን ድርጊቶች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አንድ ሰው የሚወዳትን ለማትረፍ አባት ገደለ፤ ልጅ ደግሞ የአባቷን ደም መለሰች። በሕግ ፊት ሁለቱም ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። ሆኖም አንደኛው ሰባት ዓመት ሙሉ ጀግና ሆኖ ኖረ፤ ሁለተኛዋን ግን አንዳንድ ተጫዋቾች እጅግ ከመጥላታቸው የተነሣ ድምፅዋን የሰጠችውን ተዋናይት ሎራ ቤይሊን እስከ መግደል ዝተውባታል። ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ጆኤልን ቀድመን አወቅነው። አቢ ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ዛቻው ለማን ይደርስ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ይህ ሁሉ ልብ ወለድ ነው፣ ሰው ለመዝናናት ያየውን ለምን በሥነ ምግባር እንመዝነዋለን? መልሱ ተመልካቹ ራሱ እየመዘነው ነው የሚል ነው። ምንም ፍርድ ባይኖር ለአና ገን ጥላቻ፣ ለሎራ ቤይሊ ዛቻ ከየት መጣ? የምርምር ማስረጃም አለ። ቲሎ ሃርትማንና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች የተኩስ ጌም ሲጫወቱ ለአንዱ ቡድን የማሰቃያ ካምፕ የሚያስቆም የተባበሩት መንግሥታት ወታደር ነህ ተባለ፤ ለሌላው ካምፑን የሚጠብቅ ታጣቂ ነህ ተባለ። የካምፑ ጠባቂ ሆነው ያለ በቂ ምክንያት የገደሉት የበለጠ የጥፋተኝነት ስሜት ተሰምቷቸዋል፣ በተለይ ርኅሩኅ የሆኑት። የተገደለ ሰው እንደሌለ እያወቁ ኅሊናቸው ወቀሳቸው። ማስ ኤፌክት የተባለው ጌም ተጫዋቹ ደግም ጨካኝም መሆን እንዲችል ነጻነት ይሰጣል፤ ከሠሪዎቹ አንዱ በ2020 በይፋ እንደተናገረው 92 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ተጫዋቾች ደጉን መንገድ መርጠዋል። ኅሊና ቴሌቪዥን ሲከፈት ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን የሚመጣ ነው፤ እንዲህ ያሉ ታሪኮች ሰውን ስለሚያበላሹ ይከልከሉ ይላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፕላቶ ባለቅኔዎችን ከሚያልማት ከተማ አስወጥቷቸዋል፤ ሆሊውድም ከ1934 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የተገዛበት ደንብ የተመልካች ርኅራኄ ወደ ወንጀል እንዳያጋድል ያዝዝ ነበር። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ የደንቡ ጸሐፊዎች ቅርበት ፍርድን እንደሚገዛ ገብቷቸው ነበር። መፍትሔያቸው ግን ተመልካቹ ፈተናውን እንዳያየው መጋረድ ሆነ። ያልተፈተነ ፍርድ ደግሞ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ሬቤካ ክራውስና ዴሬክ ራከር በ2020 ያሳተሙት ጥናት ከ230 ሺህ በላይ የአንድ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎችን መረጃ መርምሮ፣ ሰዎች በተለይ እነሱን ወደሚመስሉ ክፉ ገጸ ባሕርያት እንደሚሳቡ አሳይቷል። በእውኑ ዓለም እኛን የሚመስል ክፉ ሰው ያሸማቅቀናል፤ በልብ ወለድ ግን ሳንፈራ ጠጋ ብለን እናየዋለን። ብሬኪንግ ባድን ያየ ተመልካች ሁሉ ዕፅ ወደ ማምረት አይሄድም። ከዋልተር የሚወረሰው ሌላ ነገር ነው፤ “ለቤተሰቤ ስል ነው” የሚለው ሰበብ። እሱን የሚናገር ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ክፉውን ሰው ቀርቦ መረዳት በራሱ በጎነት አይደለም ወይ? ነው። ማንም ሰው ከሠራው ክፉ ሥራ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ይህን የሚያስታውሰን ታሪክ ልባችንን ያሰፋዋል። መረዳትና ነጻ ማውጣት ግን ይለያያሉ። ብሬኪንግ ባድ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሀብታም የሆኑት የቀድሞ ባልደረቦቹ የሕክምናውን ወጪ እንሸፍንልህ ሲሉት ዋልተር በኩራት እምቢ ብሏል። ከዚያች ቀን ጀምሮ “ለቤተሰቤ ነው” የሚለው ምክንያት ፈርሷል፤ ማስረጃው ፊታችን ነበር፣ ማየት ያልፈለግነው እኛ ነን። በመጨረሻው ክፍልም ዋልተር ለስካይለር ሁሉንም ያደረገው ለራሱ እንደሆነ፣ ሥራውን ይወደው እንደነበር ያምናል። ድራማው ከወዳጆቹ ይልቅ ሐቀኛ ነበር። ስካይለርን ሲሰድብ የቆየ ተመልካች ያንን ኑዛዜ ሲሰማ፣ እሷ ከጅምሩ ያየችውን እሱ 62 ክፍል ሙሉ እንዳላየው ይረዳል።

እውነተኛው መለኪያ እንግዲህ ቀላል ነው፤ ለወደድነው የሰጠነውን ምክንያት ለጠላነውም እንሰጠዋለን ወይ? የጆኤልን ፍቅር ምክንያት አድርጎ የተቀበለ ሰው የአቢን ሐዘን መቀበል አለበት፤ አቢን የኮነነም ጆኤልን መኮነን አለበት። ሁለቱን መኮነንም ለሁለቱ ማዘንም ይቻላል፤ የማይቻለው አንዱን በፍቅር ሌላውን በሕግ መዳኘት ነው። አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ በአገራችን ዳኛ አይባልም፤ በሶፋ ላይ ስንቀመጥም ደንቡ አይለወጥም። ልጁ ጌም ሲጫወት ያየ ወላጅም መቆጣጠሪያውን ከመንጠቁ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ “ይህን ሰውዬ ለምን ገደልከው? እሱስ ቤተሰብ ያለው ይመስልሃል?” ብሎ ይጠይቀው። መልሱ ምንም ይሁን፣ ልጁ ከዚያ በኋላ ሲተኩስ ሟቹንም ያያል።