ቲማቲምና ኪያር ከአይብ ጋር ሰላጣ ስለሚሆኑበት አሠራርና ስለ ንጽሕናው

በበጋ ወራት፥ ይልቁንም ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በቆላውና በወይና ደጋው ፀሐይ ሲበረታ፥ የሰው ሆድ ትኩስና ከባድ ምግብ አይወድም። በዚሁ ወራት ግን በመስኖ የሚለሙት ቲማቲምና ኪያር በገበያ ይገኛሉ፤ የምትታለብ ላም ያለችው ቤትም አይብ አያጣም። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሳሕን ሲገናኙ፥ ወጥ ሳይሠራና እንጨት ሳይነድ፥ በግማሽ ሰዓት የሚደርስ፥ ገላን የሚያቀዘቅዝ መልካም ምግብ ይሆናሉ።

ነገር ግን ይህ ምግብ በገበታ ላይ ሲቀርብ እሳት ያላየ ነው። በወጥ ውስጥ እሳት የሚገድለው ተሐዋሲ በሰላጣ ውስጥ በሕይወቱ ወደ ሆድ ይገባል። ስለዚህ እሳት ሊሠራው ይችል የነበረውን ሥራ አስቀድሞ ንጹሕ ውኃ፥ የታጠበ እጅና የተፈላ ወተት ሊሠሩት ይገባል። ይህ ከተጠበቀ ሰላጣው ጤና ነው፤ ይህ ከተጓደለ ግን ያው ሰላጣ ለተቅማጥ፥ ለአንጀት ተስቦና ለወስፋት በር ይከፍታል። ከሁሉም ይልቅ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው።

1ኛ፤ ስለ አመጣጡ

ኪያር መጀመሪያ የተገኘው በሕንድ አገር ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ሲሆን፥ ሰው ሲያለማው 3000 ዓመት ያህል ይሆነዋል። ቲማቲም ግን የደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ወገን ተክል ነው። በሜክሲኮ ሰዎች እጅ ሲለማ ኖሮ፥ እስፓንያውያን ያን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1521 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ገባ። ስሙም በዚያ አገር ቋንቋ ቶማትል ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ለብዙ ዘመን መርዝ አለበት ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ እርሱ ወጥ የሚሠራ አገር ጥቂት ነው።

ሁለቱን ከአይብ ጋር አዋሕደው በመብላት የታወቁት የግሪክና የቡልጋርያ ሰዎች ናቸው። ግሪኮች ሆርያቲኪ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የገጠር ሰላጣ ማለት ነው። አትክልቱን በትልልቁ ቆርጠው፥ ወይራና የወይራ ዘይት ጨምረው፥ ፌታ የሚባለውን አይብ ከላይ ያኖሩበታል። ፌታ ከበግ ወተት ይሠራል፤ የፍየል ወተት ቢጨመርበትም ከመቶ 30 እጅ አያልፍም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በዚህ ስም መሸጥ የሚችለው በግሪክ አገር የተሠራው ብቻ ነው።

በቡልጋርያ ደግሞ ሾፕስካ ይባላል፤ ስሙም በሶፍያ ከተማ አካባቢ ከሚኖሩት ሾፒ ከሚባሉት ገበሬዎች የተወሰደ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዐሥር ዓመታት ባልካንቱሪስት የተባለው የመንግሥቱ የአገር ጎብኚዎች መሥሪያ ቤት ይህን ሰላጣ በየሆቴሉ እንዲቀርብ አደረገው። ነጩ አይብ፥ አረንጓዴው ኪያርና ቀዩ ቲማቲም የአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች ስለ ሆኑ፥ ዛሬ ለእንግዳ የሚቀርብ የአገር መታወቂያ ምግብ ሆኖአል። ባለሥልጣን የገበሬውን ምርት አክብሮ በእንግዳ ፊት ቢያቀርበው፥ ምርቱም ስምና ገበያ እንደሚያገኝ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ቲማቲምን ከቀይ ሽንኩርት፥ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ቀላቅሎ በእንጀራ መብላት የታወቀ ነው፤ አይብም ከክትፎና ከዶሮ ወጥ አጠገብ የሚቀርበው የበርበሬውን ማቃጠል ሊያበርድ ነው። አሁን የሚጨመረው ነገር ኪያሩና የሁለቱ በአንድ ሳሕን መገናኘት ብቻ ነው።

2ኛ፤ ስለ አይቡ

ፌታ በጨው ውኃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ወራት ይቈያል። የአገራችን አይብ ግን ጨው የሌለው፥ ውኃ የበዛበትና ለስላሳ ስለ ሆነ ቶሎ ይበላሻል። እንግዲህ በአይብ የሚሠራ ሰላጣ ላሟ ከገበታው ሳትርቅ የሚበላ ምግብ ነው፤ ከሩቅ ገበያ የመጣና ብዙ ቀን ያለፈው አይብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አይብ የሚሠራበት ልማድ የታወቀ ነው። ወተቱ ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ይናጣል፤ ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። እሳቱ የበረታ እንደ ሆነ አይቡ ስለሚደርቅና ስለሚጠነክር፥ ብዙ ባለሙያ ሴቶች አሬራውን ከማፍላት ይጠነቀቃሉ። ስለ ጣዕሙ ይህ መልካም ነው፤ ስለ ጤና ግን ጉድለት አለው፤ እንዲህ ያለ ለብታ ተሐዋስያንን ለመግደል አይታመንምና። የላም የሳንባ ነቀርሳና ከብትን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የወተቱ መኮምጠጥም ብቻውን አይገድላቸውም።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ወተቱ ከመርጋቱ በፊት ይፈላ። ወተት በ72 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ሴኮንድ፥ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ቢቈይ እነዚህ በሽታ አምጪዎች ይሞታሉ። በደጋ አገር ውኃ ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ ይህም ከተባለው በላይ ስለ ሆነ ይበቃል። የፈላው ወተት ለብ እስኪል ከበረደ በኋላ፥ ከዚህ ቀደም ከተፈላ ወተት ከረጋ ንጹሕ እርጎ ጥቂት እርሾ ይጨመርበትና ተከድኖ ይርጋ። ከዚያ ወዲያ እንደ ልማዱ ይናጥ፤ አሬራውም ይሙቅ። እርሾው ሊቀር አይገባም፤ እሳቱ በሽታ አምጪውን ሲገድል ወተቱን የሚያረጋውንም አብሮ ያጠፋዋልና።

መናጥ ለማይመቸው ቤት ሌላ አጭር መንገድ አለ። 2 ሊትር ወተት ፈልቶ ከእሳት ሲወርድ፥ 5 የሾርባ ማንኪያ ያህል የሎሚ ጭማቂ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ቀስ ብሎ ይማሰላል። ወተቱ ሲቈራረጥና አጓቱ ሲጠራ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ይህ አይብ ቅቤው ያልወጣለት ስለ ሆነ የወዛ ነው፤ ወተቱም ፈልቶአልና የታመነ ነው።

አይቡ በየትኛውም መንገድ ቢሠራ፥ ለሰላጣ ሲፈለግ በጨርቅ ተንጠልጥሎ 1 ሰዓት ያህል አጓቱ መንጠብ አለበት። ያልተንጠፈጠፈ አይብ ሰላጣውን ያቀጥነዋል።

3ኛ፤ ስለ አትክልቱ ምርጫና አጠባ

ቲማቲም የበሰለ፥ ነገር ግን ጠንከር ያለና ልጡ ያልተሰነጠቀ ይመረጥ። ከመልካሳ የእርሻ ምርምር ማእከል ከወጡት ዘሮች መልካሾላና መልካሳልሳ በገበሬው ዘንድ የታወቁ ናቸው። ኪያር ቀጭን፥ አረንጓዴና ሲጫኑት የማይለዝብ ይሁን፤ ቢጫ የሆነው ዘሩ የጠነከረ ነው። አንዳንድ ኪያር የሚመርረው በተክሉ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው መራራ ነገር ሲበዛበት ነው። ይህም ተክሉ ውኃ በተጠማ ጊዜ ይብሳል። ምሬቱ የሚሰበሰበው በግንዱ በኩል ባለው ጫፍና ከልጡ ሥር ስለ ሆነ፥ ጫፉን ቈርጦ መቅመስና ልጡን መላጥ ይበቃል። ባለ እርሻው ግን ውኃውን ሳያቋርጥ በመጠን ቢያጠጣ ምሬቱን ከሥሩ ይከለክላል።

የአጠባው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። በከተማ አጠገብ ባሉ ወንዞች የሚጠጣ አትክልት የሰውን ዐይነ ምድርና የፋብሪካን እድፍ ሊይዝ ይችላል፤ በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዝ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አንዳንድ ነጋዴ አትክልቱ እንዲያምርለት ወደ ገበያ ሲሄድ በዚያው ወንዝ ያጥበዋል። ይህ ማጠብ ሳይሆን ማሳደፍ ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እጅ፥ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ለዚህ አይሁን። ቀጥሎ አትክልቱ እየፈሰሰ ባለ ንጹሕ ውኃ አንድ በአንድ በእጅ እየታሸ ይታጠብ። ከዚያም ሽታና ሳሙና ያልተቀላቀለበት፥ ከመቶ 5 እጅ ክሎሪን ያለው በረኪና ለ1 ሊትር ውኃ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ተለክቶ ይጨመርና አትክልቱ 5 ደቂቃ ያህል ይዘፍዘፍ፤ በመጨረሻም ፈልቶ በበረደ ውኃ ይለቅለቅ። በረኪናው ብዙ ተሐዋስያንን ይገድላል፤ የወስፋትን ዕንቍላልና የአሜባን ቅርፊት ግን አይገድልም። ስለዚህ በእጅ ማሸቱና ልጡን መላጡ በበረኪና ተመክቶ የሚቀር ሥራ አይደለም።

4ኛ፤ ስለ አሠራሩ

ለ4 ሰው የሚበቃው ልክ ይህ ነው፤ ቲማቲም ግማሽ ኪሎ፥ ኪያር 2፥ ቀይ ሽንኩርት 1 ትንሽ፥ ቃሪያ 1 ወይም 2፥ አይብ ሩብ ኪሎ፥ የኑግ ወይም የወይራ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፥ የ1 ሎሚ ጭማቂ፥ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ጤና አዳም ወይም በሶብላ ለሚወድ ጥቂት ቅጠል ይጨመራል።

ኪያሩ ተልጦ በስሱ ከተቈረጠ በኋላ ከጨው ግማሹ ይነስነስበትና 15 ደቂቃ ይቈይ። ከኪያር 100 እጅ 95 ያህሉ ውኃ ነው፤ ጨው ደግሞ ውኃን ወደ ራሱ ይስባል። ይህ ውኃ አስቀድሞ ካልወጣ በሳሕኑ ውስጥ ወጥቶ ጣዕሙን ያጠፋል፤ ከወጣ ግን ተደፍቶ ኪያሩ ሲታኘክ የሚንኮሻኮሽ ይሆናል። ሽንኩርቱም በስሱ ተቈርጦ በቀዝቃዛ የተፈላ ውኃ ጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥ ማቃጠሉ ይበርዳል።

ቲማቲሙ በመጨረሻ ይቈረጥ፤ ፍሬው ከተከፈተ ቶሎ ይፈስሳልና። ከዚያ አትክልቱ ሁሉ በአንድነት ተደርጎ ሎሚው፥ ዘይቱና የቀረው ጨው ይጨመርና ቀስ ተብሎ ይገላበጥ። ዘይቱን ለመቈጠብ ብሎ መተው አይገባም። የቲማቲሙ ቀይ ቀለምና በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር ወደ ሰውነት በሚገባ የሚዋሐደው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው፤ ቅቤው የወጣለት አይብም ራሱ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ አይቡ በእጅ ሳይሆን በማንኪያ ተፈርፍሮ ከላይ ይነስነስ፤ ከዚያ ወዲያ አይማሰል፤ ቢማሰል ሁሉም ነጭ ጭቃ ይሆናል። በጾም ቀን አይቡ ይቀርና በምትኩ የተቀቀለ ሽምብራ ቢገባበት ሆድ ይይዛል።

የተሠራው ሰላጣ ወዲያው ይበላ። ከ2 ሰዓት በላይ፥ በብርቱ ሙቀት ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ አይቈይ። የተረፈውን ለነገ ማሳደር በዚህ ምግብ አይገባም።

5ኛ፤ በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሊያስቡት ስለሚገባ ነገር

ከላይ የተጻፈው የማእድ ቤት ሥራ ብቻ ቢመስልም፥ እመቤቲቱ በቤትዋ ብትጠነቀቅ እንኳ ውኃው፥ መንገዱና ገበያው የሌላ ሰው ኀላፊነት ናቸው። ስለዚህ፥

በገበያ ቦታ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ቢገባ፥ ነጋዴው አትክልቱን በወንዝ ማጠብ ይተዋል፤ ውኃ ሳያቀርቡለት ቢከለክሉት ግን ትእዛዙ አይጸናም።

ጥሬውን የሚበላ አትክልት ከከተማ በሚወርድ እድፋም ወንዝ እንዳይጠጣ፥ ይህን የመሰለ ውኃ ብቻ ያለው ገበሬም ተቀቅሎ የማይበላ አትክልት ከመትከል ይልቅ ሌላ ተክል እንዲመርጥ መምከር ያስፈልጋል።

ቲማቲም በጥልቅ ሣጥን ሲጫን የታችኛው በላይኛው ክብደት ይፈርጣል፤ ጠለል ያለ ሣጥን ኪሳራን ይቀንሳል። የሚበስል ቲማቲም ኤትሊን የተባለ ጋዝ ከራሱ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ ኪያርን ፈጥኖ ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ የተዘጋ መኪና ወይም ጎተራ ማኖር አይገባም፤ የሚገናኙት በሳሕን ላይ ይሁን።

በክረምት ዝናብ ሲበዛ ዋግ የሚመስል የቅጠል በሽታ ቲማቲሙን ስለሚያጠፋ፥ በደጋና በወይና ደጋ የሚመቸው ጊዜ በመስኖ የሚለማበት በጋ ነው። ከበጋው በፊት የመስኖውን ቦይ ማስጠረግ የሹሙና የባለ እርሻው የጋራ ሥራ ነው።

ወተት አፍልቶ ስለ መጠቀም የሚሰጠው ምክር በመጀመሪያ ላሞች ላሏቸው ቤቶች ይድረስ፤ በሽታው የሚጀምረው ከእነርሱ ነውና።

በመጨረሻም ሹሙ በሚያደርገው ግብዣ ከሩቅ አገር የመጣ የታሸገ ምግብ ከማቅረብ ይልቅ፥ በወረዳው የበቀለውን ቲማቲምና ኪያር፥ በወረዳውም የታለበውን ወተት አይብ አድርጎ በንጽሕና ቢያቀርብ፥ እንግዳው ይደሰታል፤ ገበሬውም ምርቱ የተከበረ መሆኑን ያያል። ቃል ብቻውን ከሚያስተምረው ይልቅ ከሹሙ ገበታ ላይ የታየው ንጽሕና በሕዝቡ ቤት ፈጥኖ ይገባል።